የቤተ ዘመዱ ማዕቀብ

መምህሩ ስለ ማዕቀብ መናገር ከጀመረ የሚያስቆመው መብራት መጥፋት ብቻ ነው ይላሉ ተማሪዎቹ። ውሸታቸውን ነው፤ መብራት ጠፍቶም በጨለማ የቀጠለበት ቀን አለ። የሚያስተምረው ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ግቢው በሙሉ "ጣልቃ" ነው የሚለው። "ጣልቃ መጣ፣ ሲጋራችሁን አጥፉ።" "ጣልቃ ዛሬም ያንኑ ሱፍ ለብሷል።" አንድ አገር በሌላው አገር ጉዳይ ጣልቃ አይገባም የሚለውን መርህ ሳያነሳ ውሎ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። እሱም ያውቃል። የማያውቅ ለመምሰል ይሞክራል እንጂ ደስ ይለዋል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ እንደሱ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ኃያላኑ መንግሥታት አገሩ ላይ ማዕቀብ ከጣሉ ቆይተዋል። ባንኩ ገንዘብ መላክ አቅቶታል፣ የአውቶቡስ መለዋወጫ ጠፍቷል፣ የመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ሳስቶ ሳስቶ ከጀርባው ያለው ግድግዳ መታየት ጀምሯል። የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው፤ መንግሥታችሁ እኛ ያልወደድነውን ይለውጥ፣ እኛም እናነሳለን። ዩኒቨርሲቲው ትልቁን አዳራሽ ከፈተ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ሽቦውን እየጎተተ መጣ፣ መምህሩም ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ መድረክ ላይ ወጣ። እናቱ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ቤት ሆነው በሬዲዮ ይከታተላሉ። ታናሽ ወንድሙ ግን መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ይኼ ወንድሙ ፋርማሲስት ነው። ቤተሰቡ "ኪኒን" ይለዋል፤ በሥራው ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ራሱ አጭርና ክብ ነው።

እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ማር ነበር። "ጣልቃ ገብነት የሚባለው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው" አለ መምህሩ። "አንደኛ፣ ጉዳዩ የባለቤቱ መሆን አለበት፤ ማንም ሳያዘው ራሱ የሚወስነው ጉዳይ። ሁለተኛ፣ ማስገደድ መኖር አለበት። መምከር ጣልቃ ገብነት አይደለም። መለመን አይደለም። መቆጣትም አይደለም። እጅ ጠምዝዞ 'እምቢ ካልክ ወዮልህ' ማለት ግን ነው። ጠመንጃ ባይኖርበትም ነው።"

ጥያቄ ተፈቀደ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ተማሪ ተነሳች። "መምህር፣ ከእከሌ ጋር ካልነገድክ ብሎ የሚያስገድድ ሕግ እኮ የለም" አለች። "ባለሱቅ ደስ ላላለው ሰው ያለመሸጥ መብት የለውም? አገርስ ቢሆን 'ከናንተ ጋር አልገበያይም' ቢል ማስገደድ የሚሆነው እንዴት ነው? መብቱን ነው የተጠቀመው።"

ደህና ጥያቄ ነው፤ ስንት የሕግ ሊቅ ሲነታረክበት የኖረ። መምህሩ እጁን አፋተገ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት እንደሱ የሚደሰት የለም።

"ሱቅ አልሽ፤ ግድ የለም፣ ሱቅ እንሂድ" አለ። "አንድ ባለሱቅ ለአንዲት ሴት 'ስኳር አልሸጥልሽም' ቢላት መብቱ ነው። ጠባዩ ቢያስጠላም መብቱ ነው። እሷም ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። አሁን ግን ይኼ ሰውዬ ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ 'ለሷ የሸጠ ከኔ ጋር ተቆራረጠ' ቢልስ? ዳቦ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን! ምን እስክታደርግ ድረስ? ሰርቃ ነው? አልሰረቀችም። ሰው በድላ ነው? አልበደለችም። ባሏን እስክትፈታ! ባሏ ለሰውየው አላማረውማ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም አብሮ ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ።

ምሳሌውን አስቦበት አይደለም የተናገረው። እንዲሁ ከአፉ ወጣ። ዓይኑ ወዲያው ወንድሙ ላይ ዐረፈ። ኪኒን አልሳቀም። ጉንጩ እስኪቀላ ድረስ የራሱን ጫማ ያያል። መምህሩን ክው አደረገው። ማይክሮፎኑ ግን ክፍት ነው፣ ሰው ይጠብቃል፣ ምላሱም የለመደበት ነው። "ባሏን መያዝና መልቀቅ የማን ጉዳይ ነው?" አለ ድምፁ እየሰለለ። "የሷ ነው። የሷ ብቻ።" ጭብጨባው አቧራ አስነሳ።

መድረክ መሪው ደግሞ አይተወው፣ ነገር ጨመረ። "መድኃኒትና ምግብ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ነው ይላሉ እኮ።"

"በወረቀት ነው!" አለ መምህሩ፣ ይኼን መልስ በእንቅልፉም ይመልሰዋል። "መድኃኒት ሻጩ ይፈራል። 'የተፈቀደ ነው' ቢባልም ጣጣ አልፈልግም ብሎ አይሸጥም። ከሕጉ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚገድለው።"

ኪኒን ብድግ አለ። በሰው ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ የቤቱ መጨረሻ ስለሆነች ዛሬም ድረስ "ጩጬ" ነው የሚሏት። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር አግብታ ልጅ ወልዳለች። ቤተሰቡ ባሏን አልወደደውም፣ ግን ታግሦት ኖሯል። ከዓመት በላይ ይሆነዋል፣ እናታቸው ቤት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መምህሩ እንደ ልማዱ ሲያብራራ፣ ያ ሾፌር ፈገግ ብሎ "ጋሼ፣ ሲናገሩ እንዴት ደስ ይላሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሲሠሩ ባየዎት" አለ። ቤቱ ሳቀ። እናቱ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። መምህሩ ያን ቀን ጥርሱን ነከሰ።

እርግጥ ስለ ተሳቀብኝ ነው አላለም። ማን ይላል? "እህቴን ያሰቃያታል፣ ቀን ሙሉ አያናግራትም፣ እንዲህ ያለ ሰው ጋር አትኖርም" ነው ያለው። ይኼም ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ከዚያ ወንድሙን፣ አጎቶቹን፣ የአክስቱን ልጆች ሰብስቦ ደነገገ። ጩጬ ባሏን እስክትፈታ ድረስ ቤቷ የሚሄድ የለም፣ ስልኳን የሚያነሳ የለም፣ ባሏን የተሻለ ሥራ የሚያስቀጥር የለም። የአክስታቸው ልጅ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናት፤ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የምታሰፋው ጩጬ ዘንድ ነበር፤ እሱም ቀረ። እናቲቱ "ልጄ ብትታመምስ?" ብለው ሲያለቅሱ፣ "እማዬ፣ ለሕመም ጊዜ ይፈቀዳል፤ በእኔ በኩል ይሁን እንጂ" አላቸው። ለሰውየው ይኼ ደግነት ነበር። ኮራበትም።

ትልቅ ወንድም ነው፣ አባት ከሞተ ወዲህ ያሳደገ ነው፣ ማን አፍ አውጥቶ ይቃወመዋል?

ከአዳራሹ ሲወጣ እጁን የሚጨብጠው በዛ። "ያቺ ምሳሌ!" ይሉታል። "የባለሱቁ ነገር ገደለችን!" እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ኪኒንን ይፈልጋል። ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ አጥሩን ተደግፎ አገኘው።

"ጋሼ፣ ያን ምሳሌ ከየት አመጣኸው?" አለ ኪኒን።

"እንዲሁ መጣልኝ።"

"መጣልህ! እኔ እዚያ ተቀምጬ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ስል አንተ ይመጣልሃል?"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ዛሬስ ይስማ!" ኪኒን በሕይወቱ በታላቁ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አሁንም ከፍ ካደረገው በኋላ ራሱ ደነገጠና ዝቅ አደረገው። "ስማ፣ አንድ ነገር አልነገርኩህም። የጩጬ ልጅ አስም ይዟታል።"

"መቼ?"

"ቆየ። ባሏ መድኃኒት ቤት መጣ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ፈልጎ ከተማውን ሲዞር ውሎ ነው፤ ማዕቀቡ ነው፣ የትም የለም። እኔ ጋ ነበር። ከጭንቅላቴ ኋላ፣ መደርደሪያው ላይ። እኔ ምን አልኩት? 'አልቋል' አልኩት። መጀመሪያ ዓይኔን አየ፣ ከዚያ መደርደሪያውን አየ፣ ከዚያ መልሶ እኔን አየኝ። ደህና ዋል ብሎኝ ወጣ።"

መምህሩ አጥሩን ያዘ። "የሕመም ጊዜ ይፈቀዳል ብያለሁ እኮ! በእኔ በኩል—"

"ባንተ በኩል! ደወልኩልህ እኮ። እሱ ገና ከመንገዱ ሳይሻገር ነው የደወልኩልህ። 'ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድህ' ስልህ 'እየጻፍኩ ነው፣ ኋላ' ብለህ ዘጋህብኝ። ኋላ የለ፣ ምን የለ። እኔም መልሼ መደወል ፈራሁ።"

መምህሩ ያን ቀን ምን ሲጽፍ እንደነበር አስታወሰ። የዛሬውን ንግግር ነበር። እዚያው ስለ መድኃኒት የሚለው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ብሎት። ስልኩ ሲጮህ ሐሳቡን ስላቋረጠው ተናዶ እንደነበርም ትዝ አለው።

"ልጅቷስ?" አለ።

"ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ሰነበተች። ተርፋለች። ባትተርፍ ኖሮ ደግሞ ቀብሯ ላይ መገኘት ይፈቀድ እንደሆነ አንተን እንጠይቅ ነበር።" ኪኒን ይኼን ብሎ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። እያለቀሰ ነው። "እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ አንተ ላይ አላላክክም። ግን ዛሬ መድረክ ላይ ቆመህ ስለ እኔ ፍርሃት ለሰው ስታስረዳ..." አልጨረሰውም። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጣልቃ በማግስቱ እህቱ ቤት ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። እንዳይታይ ከኋላ ጥግ ገባ። መከራ አይነግርም፤ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ ጣቢያውም የትናንቱን ንግግር ይደግማል። ያቺኑ ምሳሌ መርጠው፣ ሳቁንም ጭብጨባውንም ጨምረው። "ባሏን እስክትፈታ!" አለ የገዛ ድምፁ በተሳፋሪው ሁሉ ራስ ላይ። ሰው ሳቀ።

አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ግን አልሳቁም። "ኧረ እንዲህ ያለ አረመኔም አለ?" አሉት።

"ምሳሌ ነው እማማ" አለ መምህሩ።

"ምሳሌም ቢሆን" አሉ ሴትዮዋ፣ "ዓይኑ ይፈር!"

አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደና በእግሩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ፣ ሲሽር፣ እንደገና ሲያዘጋጅ ነበር። ጩጬ የምትኖረው ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ፣ ረድፍ ቤቶች ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል። አንኳኳ።

"ግቡ" አለች፣ ማን እንደሆነ ሳታይ። አየችው። እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ከአንዱ ወንበር ላይ የሱሪ ክምር አነሳችለት። ዩኒፎርሙ ከቀረ ወዲህ የምትሠራው የሰው ዚፕ መቀየር ነው፤ ክፍሉ በሰው ሱሪ ተሞልቷል። ሕፃኗ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። እንዴት ቀጥናለች! ትንፋሿ እንደ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መምህሩ ልጅቷን ላለማየት ግድግዳውን አየ፤ ግድግዳው ላይ የባልየው የሥራ ኮት ተሰቅሏል፤ እሱንም ላለማየት እጁን አየ።

"ሬዲዮ ላይ ሰማሁህ" አለች ጩጬ። "ጎረቤቴ ናት ጠርታ ያሰማችኝ። 'ወንድምሽ አፉ ሲጣፍጥ' አለችኝ። በደንብ ተናግረሃል።"

አሽሟጠጠችኝ ብሎ አያት። የሽሙጥ ነገር አልነበረበትም። ይልቅ ተሳድባ ቢሆን ይቀለው ነበር።

"ጩጬ፣ ሁሉንም አንስቻለሁ" አለ። "እማዬ ነገ ትመጣለች። የዩኒፎርሙንም ነገር ለአክስታችን ልጅ ነግሬያታለሁ። ኪኒን የልጅቷን መድኃኒት ራሱ ያመጣል። ሁሉም ተነስቷል። ብቻ ባልሽ አንድ ቀን እማዬ ቤት ብቅ ብሎ፣ ያኔ ስለተናገረው ነገር እንዲያው አንዲት—"

ቀና ብላ አየችው። እሱም ያለውን የገዛ ጆሮው ሰማው። ሰው እንዴት ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል?

"ተይው" አለ። "ተይው፣ አላልኩም። እግዜር ያሳይሽ፣ ይኼ አፌ! ጥፋቱ የኔ ነው ጩጬ። ስለተሳቀብኝ ነው። ላንቺ አዝኜ አይደለም፤ ማለቴ አዝኜም ነበር፣ ግን ስለተሳቀብኝ ነው። አፍሬያለሁ። ከትናንት ጀምሮ ራሴን በመስታወት ማየት አቅቶኛል።"

ጩጬ መቀሱን አንስታ ከአንድ ሱሪ ላይ የተበላሸ ዚፕ መፍታት ጀመረች። ክሩን አንድ በአንድ ነቀለች። ስትናገር ድምፅዋ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ ዝቅ ያለ ነበር።

"ላልነግርህ ምዬ ነበር" አለች። "ያኔ ደውለህ 'እስክትፈቺው ድረስ ቤተ ዘመድ የለሽም' ያልከኝ ቀን ምን እየሠራሁ እንደነበር ታውቃለህ? ጓዜን ሸክፌ ነበር።"

"የምን ጓዝ?"

"ልሄድ ነዋ! ልተወው! ያልከው እውነት ነው፤ ሰውየው ሲያኮርፍ ያኮርፋል፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ግንብ ነው፣ መከራዬን አይቻለሁ። ሳስብበት ከርሜ፣ ብቻዬን አልቅሼ፣ ብቻዬን ወስኜ፣ በቃኝ ብዬ ነበር። የልጄን ልብስ በፌስታል፣ የኔን በሻንጣ አድርጌ በሩ ላይ ደርሻለሁ። እማዬ ጋ ልመጣ። ስልኩ ጮኸ፤ አንተ ነህ።"



"ሻንጣውን መልሼ አራገፍኩት" አለች ጩጬ። "ምን ላድርግ? እንደ ጥፋተኛ እጄን ሰጥቼ ልግባ? 'ወንድሟ አስፈታት' ልባል? ልጄ አድጋ 'ለምን ተለያያችሁ' ብትለኝ 'አጎትሽ ስለደወለ' ልበላት? ከዚያ ደግሞ እሱን ሁላችሁም አገለላችሁት። ሰላም የሚለው ሰው ያጣ ባል ትቼ ልሂድ? ጨከንኩ ብል እንኳ እግሬ እምቢ አለ። ይኸው እስከዛሬ አለሁ። ወድጄው ይሁን፣ አዝኜለት ይሁን፣ አንተን ለማናደድ ይሁን፣ እናቴ ትሙት አላውቅም። ስተኛ አስባለሁ፣ ስነሳ አስባለሁ፣ አይለይልኝም። ብኖር ባንተ እልክ ነው። ብሄድ ባንተ ትእዛዝ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ እንጀራዬንም መቁረጥህ ይቅር። አንዲት የራሴ የነበረች ነገር ያቺ ውሳኔ ነበረች፣ ወሰድክብኝ።"

አሁን እንግዲህ ሰውየው ማዘን ነበረበት። አዘነም። ማፈር ነበረበት፤ አፈረም። ግን ከሐዘኑም ከእፍረቱም በፊት፣ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ላልሞላ ጊዜ፣ ልቡ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ብልጭ አለ። ልተወው ብላ ነበር! ያልኩት ልክ ነበር! ያ ሾፌር አይሆናትም ያልኩት እውነት ነበር! ደስ አለው። እመኑኝ፣ እዚያች የታመመች ሕፃን አጠገብ ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ ደስ አለው።

ቶሎ ብሎ ፊቱን ሰበሰበ። ዘገየ።

"ደስ አለህ" አለች ጩጬ።

"ምን ማለትሽ ነው? እኔ—"

"አየሁት ጋሼ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ይኼን ፊትህን። ስትከራከር ረትተህ ስትጨርስ የምታመጣው ፊት ነው።" አልተቆጣችም። ዓይኗ ግን ውሃ ሞላ፤ ከገባ ወዲህ ያለቀሰችው ገና አሁን ነው። "ልጄ ኦክስጅን ላይ ሆና እንኳ አንተን ጨርሼ አልጠላሁህም ነበር እኮ።"

መካድ ፈለገ። በሺህ ሰው ፊት ቆሞ ቃል አጥሮት የማያውቅ ሰው፣ በአንዲት እህቱ ፊት "አይደለም" የምትለዋን አጭር ቃል ቢፈልግ አጣት። እውነት ስላልነበረች ነው።

ጩጬ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ሱሪውን መልሳ መርፌው ሥር አስገባች። "እማዬ ከፈለገች ትምጣ" አለች፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ። "አንተ ግን በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋልኝ፣ ልጅቷ እንዳትነቃ።"